ከጅማ ዝቋላ በእግር ለምትሄዱ፦ ምን እንጫማ፣ ምን እንልበስ፣ ምን እንያዝ

ለመጋቢት አቦ፣ ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ንግስ ማለት ነው፣ የዝቋላን ገዳም በእግሬ ሄጄ እሳለማለሁ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱን ጫማ ልግዛ" ብሎ ነው፣ እኔ ደሞ ሁሌ የምመልሰው ያው አንድ መልስ ነው፦ የግቤን ቁልቁለት የሚችለውን። ከጅማ በሰርቦ በአሰንዳቦ አድርጎ እስከ ሰኮሩ ያለውን እግራችሁ የለመደው ማንኛውም ደህና ጫማ ይወጣዋል፣ ዳገቱም ቁልቁለቱም መካከለኛ ነው፣ በየመሀሉ ከተማ አለ፣ የተቀደደ ይሰፋል የጎደለ ይገዛል። አበልቲን አልፋችሁ ወደ ግቤ መውረድ ስትጀምሩ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ብቻ ነው፣ ድልድዩ ያለበት ቦታ ከባህር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ነው፣ ጅማ ራሷ 1,750 አካባቢ ናት፣ ከግቤ ማዶ ደሞ ወልቂጤ ተመልሶ 1,900 አካባቢ ይደርሳል። ቁልቁል ስትወርዱ እግር ጫማ ውስጥ ወደፊት ይሄዳል፣ አውራ ጣት በየእርምጃው የጫማውን አፍንጫ ይመታል፣ ሙቀቱ ደሞ እግሩን ያሳብጠዋል፣ ጅማ ላይ ልክክ ያለ ጫማ ግቤ ላይ ጠባብ ሆኖ ቁጭ ይላል። ወልቂጤ ሲገባ ጥፍሩ የጠቆረ ሰው ካያችሁ ጫማው ርካሽ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፣ አንድ ቁጥር ስላነሰ ነው።

ርቀቱንም አስቡት። ከጅማ አዲስ አበባ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በቀን 25 ብትሄዱ ሁለት ሳምንት ማለት ነው፣ ዝቋላ ደሞ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ነው፣ ተራራው 3,000 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ስለዚ አንድ ቦርሳ ውስጥ የጅማን ዝናብ፣ የግቤን ሙቀትና የዝቋላን የሌሊት ብርድ የሚችል ነገር መግባት አለበት፣ ቦርሳው ደሞ መክበድ የለበትም። ችግሩ ያለው እዚች ጋ ነው።

ጫማ ለመግዛት ጅማ መርካቶ ስትወጡ ጠዋት አትውጡ። ከሰዓት በኋላ ወደ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ እግራችሁ ውሎ ትንሽ ካበጠ በኋላ ሂዱ፣ በጉዞው የምታደርጉትን ካልሲ ይዛችሁ። ጫማውን ከማድረጋችሁ በፊት የውስጥ ሶሉን አውጡትና መሬት ላይ አድርጋችሁ ቁሙበት፣ እግራችሁ በጎን ከሶሉ ከተረፈ ያ ጫማ ይጠባችኋል፣ ከፊት ደሞ ከረጅሙ ጣታችሁ ወዲያ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ መታየት አለበት (ረጅሙ ጣት አውራ ጣት ያልሆነባቸው ሰዎች አሉ፣ ሁለተኛውን ለኩ)። ከዛ መልሳችሁ አድርጉት፣ ሳታስሩ እግራችሁን እስከ ጫፍ ግፉና ከተረከዝ ኋላ አንድ ጣት መግባቱን እዩ፣ ቀጥሎ ተረከዛችሁን መሬት ላይ መታ መታ አድርጋችሁ ወደኋላ አስቀምጡና ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። አሁን የጫማውን አፍንጫ መሬት ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ጣታችሁ ጫፉን ከነካ ይበቃል፣ መልሱለት። ሻጩ "ሲለበስ ይለቃል እናቴ" ይላችኋል፣ ቆዳ በጎን እንደሚለቅ እውነት ነው፣ በርዝመት ግን አይጨምርም፣ ስለዚ በዚህ አትሸነፉ። ብዙ ሰው በአዘቦት 41 ካደረገ ለዚህ ጉዞ 42 ነው የሚሆነው። ሁለቱንም እግር ለኩ፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይበልጣል፣ የሚገዛው ለትልቁ ነው።

ምን ዓይነት ጫማ? ብዙ ወጣቶች ቡትስ ይሻላል ይላሉ፣ ቁርጭምጭሚት ይይዛል ጠንካራ ነው ምናምን። እኔ በዚህ አልስማማም። መንገዳችሁ አብዛኛው አስፋልት ነው፣ አስፋልት ላይ ደረቅ ሶል ያለው ከባድ ቡትስ ተረከዝና ጉልበት ይጨርሳል፣ ቡትስ የሚያስፈልገው ድንጋያማ ተራራ ላይ ከባድ ሸክም ለያዘ ሰው ነው። ለአስፋልት ሶሉ ወፈር ለስለስ ያለ፣ ላዩ የሚያስተነፍስ የሩጫ ስኒከር በጣም ይሻላል፣ ቢረጥብም ቶሎ ይደርቃል። ቀጭን ሸራ ጫማ ደሞ ለአንድ ቀን ያምራል እንጂ ሶሉ ስስ ስለሆነ በሦስተኛው ቀን ጠጠሩን አንድ በአንድ ትቆጥሩታላችሁ።

አዲስ መግዛት ለከበደው ሳልቫጅ አለ፣ ሳልቫጅ ላይ አንዳንዴ ከሱቅ አዲስ የሚበልጥ ይገኛል፣ ግን አንድ ነገር በደንብ እዩ። ላዩ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ ግን ዓመታት መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ ሶሉ ውስጥ ያለው ስፖንጅ እርጅና ይበላዋል፣ በተለይ ቡትሶቹ ላይ፣ ሳይለበስም ቢሆን። ሱቅ ውስጥ ምንም አይመስልም፣ አስፋልት ላይ ግማሽ ቀን ሲሄድ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ስለዚ የሶሉን ጎን በጥፍራችሁ ጫን በሉት፣ ተጭኖ ከተመለሰ ጥሩ፣ ጥፍር ምልክት ትቶ ከቀረ ወይ ከተፈረፈረ ወይ ከተጣበቀ ተዉት። ጫማውን ለሁለት አጥፉትና ሶሉ ከላዩ ጋ የተገናኘበትን ዙሪያውን እዩ፣ ማስቲሹ ክር ክር እያለ የሚለያይ ካለ ወይ ይቅርባችሁ ወይ ለጫማ ሰፊ ሰጥታችሁ ዙሪያውን አሰፉት። እንደውም አዲስም ቢሆን ሶሉን አስፍቶ መነሳት ከማስቲሽ ብቻ ይሻላል፣ ሰፊው መርፌውን ወደ ውስጥ የእግር መርገጫው ላይ ቋጠሮ እንዳይተው ብቻ ንገሩት። ሌላ ሰው ለብሶት የተረከዙ አንድ ጎን ያለቀ ጫማም አትግዙ፣ የሰውየውን አረማመድ ነው አብራችሁ የምትገዙት።

አሁን ደሞ "አያቶቻችን በበረባሶ ነው የሄዱት" የሚል ይመጣል። ልክ ነው፣ እውነቴን ነው በረባሶን አልንቅም፣ ከጎማ የተሰራ ስለሆነ አያልቅም፣ አየር ያገኛል፣ ውሃ አይዝም። ግን በረባሶ የሚሆነው ዓመቱን ሙሉ ለሚያደርገው ሰው ነው፣ ማሰሪያው የሚነካበት ቦታ ቆዳው ስለጠነከረ። የከተማ እግር ይዘን በጉዞው ቀን ብንጀምረው በመጀመሪያው ቀን ማታ ደም ነው። ኮንጎም እንደዛው ነው፣ ገበሬው ጭቃውን የሚወጣው በሱ ነው፣ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል፣ ሙሉ ቀን አስፋልት ላይ ግን እግር ውስጡ ይቀቀላል። ቦቲ ጭራሽ አታስቡት። ሸበጥ ወይ ቀለል ያለ ሰንደል ግን በሁለተኛነት ያዙ፣ ማታ እግር አየር እንዲያገኝ፣ ለመታጠቢያ፣ ጅረት ለመሻገር፣ ዋናው ጫማ ሲረጥብ ደሞ እስኪደርቅ። ከኋላ ማሰሪያ ያለው ሰንደል ከሸበጥ ይሻላል፣ ዋናው ጫማ ከተበጠሰ አስር ኪሎ ሜትር በሱ መሄድ ይቻላል፣ በሸበጥ ግን አይቻልም።

የገዛችሁትን ጫማ ይዛችሁ በቀጥታ ጉዞ አትውጡ። ለኛ ለጅማዎች መሞከሪያው ቅርብ ነው፣ ጅሬን። ከከተማ ተነስታችሁ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውጡ፣ ቦርሳችሁን ሞልታችሁ፣ ከዛ ተመለሱ። መውጣቱ ትንፋሽ ነው የሚፈትነው፣ ጫማውን የሚፈትነው መውረዱ ነው። ስትወርዱ አውራ ጣታችሁ ከፊት ከነካ መጀመሪያ አስተሳሰሩን ቀይሩ፦ ብዙ ስኒከር ላይ ከላይ ቁርጭምጭሚቱ ጋ አንድ ትርፍ ቀዳዳ አለ፣ ማንም አይጠቀምበትም። ማሰሪያውን በዛው በኩል ባለው ትርፍ ቀዳዳ አስገብታችሁ ትንሽ ቀለበት ተዉ፣ በሁለቱም በኩል፣ ከዛ የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት የቀኙን በግራው አሾልካችሁ ወደ ታች ሳቡና እሰሩ። ተረከዝ ይቆለፋል፣ እግር ወደፊት መሄድ ያቆማል። ጣቶቹ ጋ ያለውን ደሞ ላላ አድርጉት። ይሄን አድርጋችሁም ከነካ ጫማው አጥሯል ማለት ነው፣ ለከተማ አድርጉትና ሌላ ፈልጉ። ጅሬን ላይ ያልቻለ ጫማ ግቤን አይችልም። ይሄን ከመነሳታችሁ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩት፣ በየሳምንቱ ርቀቱን እየጨመራችሁ። ጥፍራችሁን ደሞ ከመነሻው ሦስት አራት ቀን ቀደም ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ጎኑን አታክብቡት።

በባዶ እግር እሄዳለሁ ብሎ የተሳለ ሰው ካለ በስለት አልከራከርም፣ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ዳገት ብቻ በባዶ እግር ውጣው ብለው ያቀሉለታል። የኛ አገር አፈር ግን ቀላል አይደለም። ዝሆኔ የሚባለው እግር የሚያሳብጠው በሽታ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ሊመጣ ይችላል፣ የሁለት ሳምንት መንገድ ባያመጣውም እግር ተሰንጥቆ ቁስል ሆኖ መቅረት አለ፣ ሙጀሌ አለ፣ መንገድ ዳር ሚስማርና ጠርሙስ አለ። መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያልተከተበ ሰው ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ ይጠይቅ።

ካልሲ ላይ ሰው ገንዘብ አያወጣም፣ ጫማው ላይ አውጥቶ። እኔ ብሆን ከጫማው ቀንሼ ካልሲ ላይ እጨምር ነበር። ጥጥ ካልሲ ላብ ይጠጣና ይዞት ይቀመጣል፣ የረጠበ ቆዳ ይለሰልሳል፣ የለሰለሰ ቆዳ ሲፋተግ ውሃ ይቋጥራል፣ በቃ ታሪኩ ይሄው ነው። ከሳልቫጅ የሱፍ ቅልቅል ያለው ካልሲ ካገኛችሁ አትለፉት፣ ካልተገኘ የኳስ ተጫዋች ካልሲ ይሆናል፣ እስከ ቁርጭምጭሚት አጠፍ አድርጋችሁ። ከውስጥ ስስ ካልሲ ከላይ ወፍራም ማድረግም ጥሩ ነው፣ መፋተጉ በሁለቱ ካልሲ መሀል ይሆንና ቆዳው ይተርፋል፣ ጫማውን ስትገዙ ግን ሁለቱንም አድርጋችሁ ለኩ። ሦስት ጥንድ ይበቃል፣ አንዱ እግር ላይ፣ አንዱ ታጥቦ ቦርሳው ላይ ተንጠልጥሎ እየደረቀ፣ አንዱ ለማታ ደረቅ። እኩለ ቀን ላይ ስታርፉ ጫማና ካልሲ አውልቁ፣ እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ ቦርሳው ላይ ጫኑት፣ ከዛ ካልሲ ቀይሩ። ጠዋት ከመነሳት በፊት ተረከዝና ጣት መሀል ቫዝሊን ቀቡ።

አንድ ቦታ ማቃጠል ሲጀምር እዛው ቁሙ፣ "እስከሚቀጥለው ከተማ" አትበሉ፣ ጓደኛ ያፍርብኛል ብላችሁም አትሂዱ። ደረቅ አድርጋችሁ ፕላስተር ለጥፉበት። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ትንሽ ከሆነ ተዉት፣ ትልቅ ሆኖ የሚያስረግጥ ካልሆነ በአልኮል የተጠረገ መርፌ ከጎን ዝቅ ብሎ ወጋ አድርጋችሁ ውሃውን አውጡ፣ ቆዳውን ግን አትላጡት፣ ቆዳው ነው ፋሻው። ክር አሳልፎ እዛው የሚተው ሰው አለ፣ ቆሻሻ በክሩ በኩል ስለሚገባ አልወደውም። መግል ከያዘ፣ ዙሪያው ከቀላ፣ ትኩሳት ከመጣ ጉዞው ይቁም፣ አቦ አይቀየሙም። ስኳር ያለበት ሰው ደሞ በየማታው እግሩን በባትሪ እያየ ይፈትሽ፣ ሳያመው ይቆስላል።

ልብስ። ወንድ ሱሪ፣ ቁምጣ ገዳም ስለማያስገባ አትያዙት፣ ጂንስም አትልበሱ፣ ከባድ ነው፣ ከረጠበ አይደርቅም፣ ጭን መሀል ይልጣል። ቀላል የቱታ ሱሪ ሁለት፣ ቶሎ የሚደርቅ ቲሸርት ሁለት፣ አንድ እጅጌ ረጅም ሸሚዝ ለፀሐይ። ሴቶች ከቀሚስ ስር ታይት አድርጉ፣ ለብርድም ለመፋተግም፣ ቀሚሱ ደሞ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሁን እንጂ መሬት አይጥረግ፣ ጫፉ ጭቃ ከያዘ ቀኑን ሙሉ እግር ይጠልፋል። ሰፊ ሆኖ እርምጃ የማይዝ። የጡት መያዣ ሽቦ የሌለው ይሁን፣ የቦርሳው ማንገቻ በላዩ ስለሚያርፍ። ሞዴስ ከጅማ ያዙ፣ በድካምና በጭንቀት ቀኑ ሊቀየር ይችላል፣ ገጠር ሱቅ ላይ ደሞ ላይገኝ ይችላል።

ነጠላ ያው ግዴታ ነው፣ ግን ነጠላችሁን ለብሳችሁ ያን ሁሉ መንገድ ከሄዳችሁ ዝቋላ ስትደርሱ ነጭ አይደለም። ጥሩውን በፌስታል ጠቅልላችሁ ከቦርሳው ስር አድርጉ፣ ለመንገድ አሮጌ ነጠላ ያዙ፣ እሱ ፀሐይ ሲሆን ራስ ላይ፣ አቧራ ሲሆን አፍ ላይ፣ ላብ ሲሆን ፎጣ ይሆናል። ጋቢ ላይ ሰው ይከራከራል። ደረቅ ጋቢ የዝቋላን ብርድ ከማንኛውም ብርድ ልብስ በላይ ይችላል፣ እማማዎቹ ያለሱ አይወጡም፣ ግን ከረጠበ ለሁለት ቀን አይደርቅም፣ ክብደቱም ሌላ ነው። ስለዚ ጋቢ ከያዛችሁ ሁለት ፌስታል ውስጥ፣ እና ያን ቀን ከመኝታ በፊት አይወጣም። ወጣት ከሆናችሁና ሳልቫጅ ላይ ቀላል የላባ ጃኬት ወይ ፍሊስ ካገኛችሁ እሱ ከነጠላ ጋ ይበቃል።

ዝናቡን በተመለከተ፣ የካቲት ላይ ስንነሳ ጅማ ደረቅ ልትመስል ትችላለች፣ መጋቢት ሲገባ ግን ይጀምራል፣ የኛ ዝናብ ደሞ የቀጠሮ ሰው አይደለም። ለጥቅምት አቦ የሚነሳ ሰው ደሞ የክረምቱን ጭቃ ገና ሳይደርቅ ነው የሚያገኘው፣ ወደ በቾ ሜዳ ከአስፋልት ወጥቶ አቋራጭ ከሄደ ጥቁሩ አፈር ጫማ ላይ እየተለጠፈ እግርን ሁለት እጥፍ ያከብደዋል። የሞተረኛ የዝናብ ልብስ ውሃ አያስገባም ግን ላብም አያስወጣም፣ ከውስጥ ነው የምትረጥቡት። እኔ የምመርጠው ከቦርሳው በላይ የሚለበስ ሰፊ ላስቲክ ነው፣ ከጎን ክፍት ሆኖ አየር የሚያስገባ፣ ማታ ደሞ መሬት ላይ ይነጠፋል። ዣንጥላ ለፀሐይም ለዝናብም ይሆናል፣ ግቤ ላይ ጥላ ስለሌለ አትናቁት፣ ትልቅ መኪና ሲያልፍ ግን ነፋሱ ይገለብጠዋል። ቦርሳው ውስጥ ዕቃ ከመግባቱ በፊት ትልቅ ወፍራም ፌስታል ወይ ላስቲኩ ያልተቀደደ ማዳበሪያ ከውስጥ አልብሱት፣ ውሃ አያስገባም የተባለ ቦርሳ ሁሉ በስፌቱ በኩል ያስገባል።

ቦርሳው የተማሪ ቦርሳ ሊሆን ይችላል፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ካለው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ክብደቱ ከትከሻ ወደ ዳሌ ይወርዳል። ቀበቶ ከሌለው ሁለቱን ማንገቻ ደረት ላይ በመቀነት አያይዙት፣ ትከሻን ከመቁረጥ ያድናል። ከባዱ ዕቃ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ከላይ በኩል፣ ቀላሉ ከስር። ሁሉንም ሞልታችሁ ስትጨርሱ ሰፈር ውስጥ ቡና የሚመዝን ነጋዴ አታጡም፣ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡት። የሰውነታችሁ ክብደት አንድ አስረኛ አካባቢ ይሁን፣ 60 ኪሎ የሆነ ሰው 6 ኪሎ ማለት ነው፣ ውሃውም ተቆጥሮ። ውሃ ብቻ ሁለት ሊትር ሁለት ኪሎ ስለሆነ ለሌላው የሚተርፈው አራት ኪሎ ነው። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ጃኬት፣ ትልቁ ሳሙና፣ "ምናልባት" ተብሎ የገባው ሁሉ የሚወጣው።

ውሃ በሁለት ሃይላንድ በጎን ኪስ፣ ሳታወልቁ የምትደርሱበት። ከወንዝ ወይ ከማታውቁት ጉድጓድ ከሆነ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት፣ መጠኑ ዕቃው ላይ ተጽፏል፣ ጠብቁ ከዛ ጠጡ። ስንቁን ብዙ አላወራም፣ መጋቢት አቦ ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ስለሚውል ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ትንሽ ጨው ለላብ፣ በቃ፣ እህል ውሃ በየከተማው አለ፣ የጾም ምግብም አይጠፋም። የሚጾም ሰው ግን ጠዋት ውሃ ሳይጠጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግቤን መሻገር ከባድ ነው፣ ያን ቀን ሌሊት ተነስታችሁ ሙቀቱ ሳይበረታ ወንዙን ጨርሱት።

አጎበር ያዙ። ሰው ለብርድ ሲዘጋጅ ወባን ይረሳል፣ ከአሰንዳቦ ወዲያ የግልገል ግቤ ግድብ ውሃ አለ፣ ግቤ ራሱ ቆላ ነው፣ ደጅ የሚያድር ሰው ደሞ ለትንኝ የተዘረጋ ማዕድ ነው። ቤት የተሰጣችሁ አጎበር ቢከብድም ለሁለት ሰው ይሆናል፣ ለሁለት ተካፍላችሁ አንዱ አጎበሩን ሌላው ማዳበሪያና ገመዱን ይያዝ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ ድካም ነው አትበሉ፣ ተመርመሩ።

ጎህ ሳይቀድ ለምትሄዱ የራስ ባትሪና አንጸባራቂ ሰደርያ የግድ ነው፣ ሲኖትራክ ሹፌር ነጠላ የለበሰ ሰው ከሩቅ ያያል ብላችሁ አትመኑ። የመንገዱን ግራ ይዛችሁ፣ ከሚመጣው መኪና ፊት ለፊት ሂዱ፣ በአንድ ረድፍ፣ መዝሙሩን እየዘመራችሁ ቢሆንም። ሰደርያው ለሁሉም ሰው ካልተዳረሰ የፊተኛውና የኋለኛው ይልበሱት።

ዱላ ወይ መቋሚያ ለሽማግሌ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ቁልቁለት ላይ ታዩታላችሁ። ስትወርዱ ዱላውን ከፊት አስቀድማችሁ ክብደታችሁን ትንሽ ስትጥሉበት ጉልበት ያርፋል። ሐሙስ ገበያ ላይ ቀጥ ያለ ቀላል እንጨት ምረጡ፣ ቁመቱ ቆማችሁ ስትይዙት ክንዳችሁ ዘጠና ዲግሪ የሚታጠፍበት፣ ጫፉ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ነገር አስመቱበት አስፋልት ላይ እንዳይንሸራተት።

የቀረው ጥቃቅን ነው፦ መታወቂያ፣ ዝርዝር ብር፣ ስልክና ፓወር ባንክ በላስቲክ፣ ፕላስተር፣ ጥጥ፣ አልኮል፣ መርፌና ወፍራም ክር፣ ትርፍ የጫማ ማሰሪያ (እሱ ደሞ ገመድም ነው፣ ልብስ ማስጫም ነው)። የሚወስዱት መድኃኒት ያላችሁ የሁለት ሳምንት ሳይሆን የሦስት ሳምንት ያዙ።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ለአቦ ተሳላሚ ብዬ ነው እንጂ ጅማ ላይ ባሌ ድሬ ሼክ ሁሴን ለዚያራ በእግር የሚሄዱም ጎረቤቶች አሉን፣ እነሱም ጫፉ መንታ የሆነውን ዱላ ይዘው ነው የሚወጡት፣ የዱላን ነገር ማንም አያስተምራቸውም። ለነሱ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ ለውዱእ በቀን አምስት ጊዜ እግር ስለሚታጠብ ቶሎ የሚወልቅ ሰንደል ይመቻል፣ ስኒከር ካደረጋችሁ ግን ለእግር ብቻ የሚሆን ትንሽ ፎጣ ያዙና ጣት መሀሉን አድርቃችሁ ካልሲ አድርጉ፣ እርጥብ እግር ላይ ካልሲ ማድረግ ነው ውሃ የሚያስቋጥረው። ለመስከረም 21 ግሸን የሚነሳ ደሞ ክረምቱ ውስጥ ስለሚጓዝ ላስቲኩን በእጥፍ ያስብ፣ ለታኅሣሥ ቁልቢ ዝናቡ ይቀልና የሌሊት ብርዱ ይብሳል፣ ጋቢው ያኔ ነው ዋጋ የሚያወጣው።

ዝቋላ ስትደርሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጫማ ይወልቃል፣ በንግስ ቀን ደሞ ያ ሁሉ ሺህ ጫማ ተመሳሳይ ነው። ጫማችሁን በፌስታል አድርጋችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፣ ደጅ አትተዉት። ሲመለሱ ተራራውን መውረድ አለ፣ እግር ደክሟል፣ ሰው ይገፋፋል፣ ያቺን የጫማ አስተሳሰር እንደገና ከላይ ሳትነሱ እሰሯት።